ኳንተም ፊዚክስ ነፃ ፈቃዳችንን ያረጋግጣል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። አንድ ሰባኪ «ኳንተም ፊዚክስ ነፍስ እንዳለችና ሰው ነፃ ፈቃድ እንዳለው አረጋገጠ» ሲል ሰምቼ ደስ ብሎኝ ነበር። ጓደኞቼ ግን «ሐሳባችን ሁሉ የአንጎል ኬሚካል ነው» ብለው ሳቁብኝ። አሁን ንስሐ ልገባ ስል «ያደረግሁት ሁሉ አስቀድሞ የተወሰነ ቢሆንስ?» የሚል ሐሳብ ያስቸግረኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ ሰባኪው በጎ አስቦ ይሆናል፤ የተናገረው ግን አያስኬድም። ኳንተም ፊዚክስ የአተምንና ከአተም ያነሱ ቅንጣቶችን ጠባይ የሚያጠና ሳይንስ ነው።

ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ላፕላስ እ.ኤ.አ. በ1814 የቅንጣቶችን ሁሉ ቦታና እንቅስቃሴ የሚያውቅ አእምሮ ቢኖር የነገውን ሁሉ አስልቶ ይደርስበት ነበር ብሎ ጻፈ። በ1927 ደግሞ ከኳንተም ፊዚክስ መሥራቾች አንዱ የሆነው ሃይዘንበርግ የአንድን ቅንጣት ቦታና እንቅስቃሴ በአንድ ጊዜ እኩል አጥርቶ ማወቅ እንደማይቻል አሳየ። ብዙዎች ታዲያ «ነፃ ፈቃድ የሚገባው በዚህ ቀዳዳ ነው» አሉ። እስቲ አስበው፤ አንድ የዩራኒየም አተም መቼ እንደሚፈርስ ማንም አስቀድሞ አያውቅም፣ ግን አተሙ መረጠ አይባልም። እጄ ሳላስበው ተወርውራ ጎረቤቴን ብትመታ ያ ነፃነቴ ነው? አጋጣሚ ከግዴታ ያወጣ ይሆናል እንጂ የሥራዬ ባለቤት አያደርገኝም።

ሰባኪው የሰማው የፊዚክስ ሊቁን የሮጀር ፔንሮዝንና የሐኪሙን የስቱዋርት ሃመሮፍን መላ ምት ሳይሆን አይቀርም። እነርሱ ንቃተ ኅሊና በነርቭ ሕዋስ ውስጥ ካሉ ማይክሮቲዩቡል ከሚባሉ ደቃቅ ቱቦዎች፣ በኳንተም ሂደት ይመነጫል ይላሉ። ፔንሮዝ በ2020 የኖቤል ሽልማት ማግኘቱን ለዚህ ማስረጃ የሚያደርጉ አሉ፤ የተሸለመው ግን ስለ ጥቁር ጉድጓድ በሠራው ነው። የፊዚክስ ሊቁ ማክስ ቴግማርክ በ2000 እንዳሰላው በሞቃቱ አንጎል ውስጥ እንዲህ ያለ የኳንተም ሁኔታ የሚቆየው ሴኮንድ ለአሥር ትሪሊዮን ተከፍሎ ከሚደርሰው ቅጽበት አይበልጥም፤ የነርቭ መልእክት ግን በሺኛ ሴኮንድ ነው የሚለካው። እነ ሃመሮፍ ስሌቱን አልተቀበሉትም። ነፍስን እንዲህ ባላለቀ ክርክር ላይ የሚያቆም ሰባኪ መላ ምቱ ቢወድቅ ምን ሊል ነው?

ቤተ ክርስቲያን ነፍስን ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት (የምታስብ፣ የምትናገር፣ የምትኖር) ትላታለች። ሥጋ ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት ነው፤ ነፍስ ግን ከእነዚህ ወገን አይደለችምና በመሣሪያ ተለክታ አትገኝም። አንጎል ሲጎዳ ሐሳብ መታወኩም አያስደንግጥህ፤ ከሥጋ ጋር ተዋሕዳ ነው የምትሠራው። ሲራክም በምዕራፍ 15 እሳትና ውኃ በፊትህ ቀርበዋል፣ እጅህን ወደ ወደድኸው ትሰዳለህ ይለናል።

የጓደኞችህ ነገር ደግሞ ለአገራችን አዲስ አይደለም። «የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» እያለ የሚጠጣ ሰው ስንት አይተናል! ኬሚካል የሚለው ቃል ብቻ ነው የተጨመረው። ሱስ፣ ሕመምና ልማድ ፈቃድን እንደሚያደክሙ ግን አልክድም፤ ቅዱስ ጳውሎስም በሮሜ 7 የማልወደውን አደርጋለሁ ብሎ አዝኗል። ካህን ቀኖና ሲሰጥ የሰውን አቅም የሚያየው ለዚህ ነው። የደከመ ፈቃድ ሌላ፣ የሌለ ፈቃድ ሌላ።

አንድ ነገር ራስህን መርምር፦ «ተወስኖብኝ ነው» የሚለው ሐሳብ ስትመጸውት ይመጣብሃል ወይስ ስትበድል ብቻ? መልሱን ከኃጢአትህ ጋር ለንስሐ አባትህ ንገራቸው። ፈተናዬን ልጨርስ አትበል፤ በዚህ ሳምንት ሂድ።