ውሻም አላርምም ሞክሬያለሁ

ሰላም ወንድሜ። አዘዞ ቤት ሠርተህ ልትገባ ነው፤ እንኳን ደስ አለህ። «ቀን ቀን ቤት ሰው የለም፤ ውሻ ላሳድግ ወይስ አላርም ላስገጥም?» ብለሃል። እኔም እዚሁ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ነው የምኖረው፤ ሁለቱንም ስለሞከርኩ ያየሁትን ልንገርህ።

መጀመሪያ የገዛሁት አላርም ነው። ሲም ካርድ ይገባበታል፣ በሩ ላይ ማግኔት አለው፣ ሳሎን ደግሞ ሴንሰር። በሩ ሲከፈት ማግኔቱ ይላቀቅና ሳይረኑ ይጮኻል፤ ስልክህ ላይም ይደውላል። ሲሠራ ደስ ይላል። መብራት ሲጠፋ በውስጡ ያለችው ባትሪ ትንሽ ትይዛለች፤ መብራቱ ሳይመጣ ከቆየ ግን እሷም ታልቃለች። ኔትወርክ ከሌለ ቢጮኽም አይደውልልህም። ሲሙ ሂሳብ ሲያልቅበትም ያው ነው። ይሄኛው የራሴ ጥፋት ነበር፣ አልደብቅህም።

ሴንሰሩ የሚያየው የሚንቀሳቀስ የሰውነት ሙቀት ነው፤ ሌባና ድመት አይለይም። የጎረቤት ድመት በመስኮት እየገባች ሦስት ሌሊት ሰፈሩን ቀሰቀሰችው። በአራተኛው ማንም አልወጣም። ጠዋት ጎረቤቴ እትዬ «ያ ዕቃህ ዛሬም አበደ?» አሉኝ። ያን ለት ሌባ ቢሆንስ ኖሮ?

ከዚያ ከገጠር ቡችላ አመጣሁ፤ ተራ የሀበሻ ውሻ። ሲያድግ ጩኸቱን መለየት ጀመርኩ። ጅብ ሲመጣ ወደ በረንዳው እያፈገፈገ ያላዝናል። ሰው ሲሆን ግን አጥሩ ሥር ሄዶ አጭር አጭር ይጮኻል። ነሐሴ ላይ አንድ ሌሊት ዝናቡ ጣራውን ሲደበድበው ያቺን አጭር ጩኸት ሰማሁ። ባትሪ አብርቼ ወጣሁ። ቆርቆሮው ጫፍ ላይ አራት ጣቶች ብቻ ይታያሉ። መብራቱን ሳደርግባቸው ጠፉ። ሲነጋ ከአጥሩ ውጭ ጭቃ ውስጥ አንድ እግር ኮንጎ ጫማ ተቀብሮ አገኘን።

ውሻም ወጪ አለው። በሁዳዴ ሥጋ ቤት ስለሚዘጋ 55 ቀን ሙሉ አጥንት የለም፤ የኔው ሽሮ በእንጀራ ለምዷል። ከማያውቀው ሰው እጅ እንዳይበላ ከልጅነቱ አስለምደው፤ መርዝ ያለበት ሥጋ የሚወረውሩ አሉ። የእብድ ውሻ ክትባቱን በሦስት ወሩ አስወጋው፣ ከዚያ በየዓመቱ። ሰው ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ነው። በኋላ እናያለን የሚባል ነገር የለም፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። ቀን ሙሉም አትሰረው፣ ክፉ ይሆናል።

አሁን ወደ አንተ ጥያቄ። ጥር 10 ለከተራ ሁላችንም ታቦት አጅበን ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ስንወርድ የኛ ሰፈር ባዶ ነው። ውሻው ቢጮኽ ማን ይሰማል? ያንተ ቤት ደግሞ ዘወትር ቀን ቀን እንደዚያ ነው። ስለዚህ እኔ ብሆን ሁለቱንም ነው የማደርገው፤ ውሻው ግቢው ውስጥ፣ ከአላርሙ ደግሞ የበሩ ማግኔት ብቻ። ሴንሰሩን እኔ ነቅዬ ጥያለሁ። ከአንድ በላይ ስልክ ቁጥር የሚቀበለውን ምረጥና ቤት የምትውል ጎረቤት ቁጥር አስገባበት። እሷን ቀድመህ ቡና ጠርተህ አስፈቅዳት።

ቡችላ ከፈለግክ በውስጥ ጻፍልኝ። እዚህ ሰፈር አንዷ ሰሞኑን አምስት ወልዳለች።