መልስ፦ ከአጋዥ መጽሐፍ ኮፒ አድርጎ ለተማሪ ስለመስጠት

እህቴ፣ ከድሬዳዋ «ከባዮሎጂ አጋዥ መጽሐፍ ጥቂት ገጾች ኮፒ አድርጌ ለክፍሌ ብሰጥ ያስጠይቀኛል?» ላልሽው፣ ለትምህርቱ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ከሆነ አይዞሽ። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንቀጽ 11 የታተመ ሥራን ለማስተማር ማባዛትን ይፈቅዳል፣ በመጠኑ። የደራሲውን ስምና የመጽሐፉን ርዕስ ግን ጻፊበት።

ሙሉውን አስጠርዞ ለተማሪ መሸጥ ሌላ ነገር ነው። እዚህ ሐረር ሲደረግ አይቻለሁ፤ ያንገበግበኛል። ደራሲው ብዙ ጊዜ እንደኛው መምህር ነው።

ሥዕል ከፈለግሽ ዊኪሚዲያ ኮመንስ የተባለውን የነጻ ሥዕሎች ድረ ገጽ እዪ። ከሥሩ «ሲሲ ባይ» (CC BY፣ ባለቤቱን ጠቅሶ መጠቀምንና መቀየርን የሚፈቅድ ፈቃድ) የሚል ካለ፣ የሠራውን ሰውና ፈቃዱን ጠቅሰሽ፣ መቀየርሽንም ገልጸሽ፣ በላዩ ያለውን ጽሑፍ ወደ አማርኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ መመለስ ትችያለሽ። ሌላ ድረ ገጽ ላይ «ኤንዲ» (ND፣ ቀይሮ ማሰራጨትን የማይፈቅድ) የሚል ካየሽ ግን ቀይረሽ አታሰራጪው፤ እንዳለ ተጠቀሚበት።