መልስ፦ ያገለገለ ቢኤምደብሊው አይኤክስ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

ቨርጂኒያ ውስጥ ያገለገለ የ2022 ምርት አይኤክስ ኤክስድራይቭ 50 የተባለ የኤሌክትሪክ መኪና አግኝተው፣ በክረምት ያዋጣኛል ወይ ብለው ለጠየቁት፦ እኔ ሁለተኛ ዓመቴን እየነዳሁት ነው። ቤትዎ ቻርጅ ማድረጊያ ካለዎት ይግዙት፤ አፓርታማ የሚኖሩ ከሆነ ግን ቆም ብለው ያስቡበት።

ባትሪው ጥቅም ላይ የሚውል 105 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይይዛል፤ በአሜሪካ መለኪያ በ20 ኢንች ጎማ 324 ማይል ይሄዳል ተብሎለታል። ጥር ላይ ማሞቂያውን ከፍቼ አውራ ጎዳና ስወጣ ሩብ ያህሉ ይቀልጣል። ገመዱ እንደተሰካ አስቀድሜ ካሞቅሁት ግን ጉዳቱ ይቀንሳል።

ጸጥታውን ስነግርዎት፣ ልጆቼ ከኋላ የሚያንሾካሹኩት ሁሉ ይሰማኛል። የፊት ክዳኑን ባለቤቱ አይከፍተውም፤ የመስታወት ማጠቢያ ውኃ የሚሞላው በአርማው ሥር ባለ ቀዳዳ ነው። አባቴ ከጎንደር መጥተው «ክፈተውና ሞተሩን ልየው» ሲሉኝ አርማውን ብቻ አነሣሁላቸው፤ እስከ ዛሬ ይስቁብኛል።

አዲሱ ከ83,000 ዶላር በላይ ነበር፤ ዋጋው ቶሎ ስለሚወርድ በተጠየቁት ሒሳብ አይስማሙ። የባትሪው ዋስትና 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ስለሆነ፣ መቁጠር የጀመረበትን ቀን ከሻጩ በጽሑፍ ይቀበሉ።