መልስ፦ ሶስት መኪና ተከታትሎ ሲጋጭ ጥፋቱ የማነው?

ወንድሜ መጀመሪያ እንኳን ተረፍክ። መሃል ቆሜ ከኋላ ተገጭቼ ፊቴ ያለውን ገጨሁት፣ የፊተኛውን ማን ነው የሚያሰራው ነው ያልከው አይደል? እውነት ሙሉ በሙሉ ቆመህ ከነበረና ገፍቶ የወሰደህ የኋለኛው ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ያንተም የፊተኛውም ጉዳት እሱ ላይ ነው የሚወድቀው፣ ርቀት መጠበቅ የሱ ግዴታ ነዋ (በ60 ኪሎሜትር ፍጥነት አንድ ሰከንድ ስልክ ካየህ እኮ ወደ 17 ሜትር ሄደሃል)። ግን አንተ ቀድመህ ገጭተህ ከዛ ነው እሱ የመጣብህ ከተባለ ነገሩ ይለያል፣ የፊቱን አንተ የኋላህን እሱ፣ ወይ ደግሞ ጥፋቱ በፐርሰንት ይከፋፈላል።

ስለዚህ ወሳኙ ነገር የፊተኛው መኪና ስንት ጊዜ ተመታ የሚለው ነው። ሹፌሩን ጠይቀው፣ አንዴ ብቻ "ዷ" ካለበት ላንተ ጥሩ ምስክር ነው፣ ሁለቴ ካለ ግን ትንሽ ያስቸግርሃል። የሚገርመው ብዙ ሰው ይቺን ሳያስመዘግብ ነው ወደ ጋራዥ የሚሮጠው። ዳሽካም (መኪና ውስጥ ተገጥሞ መንገዱን የሚቀርጽ ካሜራ) ካለህ ቪዲዮውን ዛሬውኑ ገልብጠው፣ አለዚያ በላዩ ላይ ሌላ ይቀዳበታል። ብዙ አዳዲስ መኪኖች ላይ የኤርባጉ ኮምፒውተርም ከግጭቱ በፊት የነበሩትን ጥቂት ሰከንዶች ፍጥነትና ፍሬን ይይዛል፣ እሱ ሳይታይ አታስጠግን። "ጥፋቱ የኔ ነው" የሚል ወረቀት ላይ ደግሞ በይሉኝታ እንዳትፈርም።