የበለዘ ጥርስ በሳሙና አይነጣም፤ እኔ ሞክሬ ከስሬያለሁ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ጥርስሽ ከልጅነትሽ ጀምሮ በልዟል፤ አሁን ደግሞ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካው ይነዝርሻል፤ ሠርግሽ ደርሷል፤ የትኛው የጥርስ ሳሙና ያነጣልኛል ነው ያልሽው። «ከሰል ያለበትን ግዢ» የሚሉ መልሶች ስላየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

አገርሽን አልጻፍሽም፤ ግን የስምጥ ሸለቆ ልጅ ሳትሆኚ አትቀሪም። እኔ ያደግኩት ወንጂ ነው።

1. ብልዙ ቆሻሻ አይደለም። በእኛ በኩል የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ከዚያ እጥፍ በላይ ያላቸው ጉድጓዶች ብዙ ናቸው። በልጅነት ጥርስ ድድ ውስጥ ሆኖ ገና ሲሠራ ነው ያ ውኃ ሽፋኑን የሚያበላሸው። ቀለሙ ከጥርሱ ጋር አብሮ ነው የተሠራው። በመፈግፈግ አይለቅም።

2. «በሳምንት ያነጣል» የሚባለውን አትንኪ። እኔ የነካሁት በእልህ ነው። ሥራ ልጀምር ስል አዲስ አበባ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ለካርድ ከፍዬ፣ ሁለት ሰዓት ወረፋ ጠብቄ ገባሁ። ዶክተሩ አፌን ለአፍታ አየና «ጫት ትቅሚያለሽ?» አለኝ። በሩ ክፍት ነበር። ውጪ የተቀመጡት ሰዎች ዞረው አዩኝ። እኔ ጫት በእጄ ነክቼ አላውቅም። እናቴ መፋቂያ ሳታስይዘኝ ትምህርት ቤት ልካኝ አታውቅም። የት ነው ያደግሽው ቢለኝ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አልጠየቀኝም። «በደንብ ተፋቂ» ብሎ ሸኘኝ።

ከዚያ ወጥቼ የከሰል ዱቄትና ጠንካራ ብሩሽ ገዛሁ። በቀን ሦስቴ፣ ለአራት ወር ፈገፈግኩ። መጀመሪያ የነጣ መሰለኝ፤ ለካ የለቀቀው የሻይና የቡናው ቀለም ነው። ብልዙ እንዳለ ቀረ። ቀጥሎ ከድዴ አጠገብ ጥርሴ ቢጫ እየሆነ መጣ። ያኔ ነው መንዘሩ የጀመረኝ። ቀዝቃዛ ውኃ ይቅርና ታክሲ ውስጥ በመስኮት የሚገባው ነፋስ ያስለቅሰኝ ነበር። የጥርስ ሽፋን ሲሳሳ ከሥሩ ያለው ቢጫው ክፍል ይታያል። የተፋቀው ሽፋን ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ብልዙ እኮ ምንም አላደረገኝም ነበር፤ ጥርሴን የጎዳሁት እኔ ነኝ።

በመጨረሻ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ሄድኩ። ወጣት ዶክተር ነበረች። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «የት ነው ያደግሽው?» የሚል ነበር። ወንጂ ስላት ወዲያው ገባት። ለሃያ ደቂቃ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። አሁን የምነግርሽ እሷ ያለችኝን ነው።

የሳሙናውን ፊት ሳይሆን ጀርባውን አንብቢ። ለሚነዝር ጥርስ 5 በመቶ ፖታሲየም ናይትሬት ያለበትን፣ አለዚያም ስታነስ ፍሎራይድ ያለበትን ፈልጊ። ስሙ የፈለገው ይሁን። እኔ ጥርሴን ያበላሸው ፍሎራይድ ነው ብዬ ፍሎራይድ የሌለው ሳሙና ሳሳድድ ነበር፤ ብዙዎቹ የከሰል ሳሙናዎችም የላቸውም። ስህተት ነው። ጥርስሽ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ በሳሙና ውስጥ ያለው ፍሎራይድ አያበልዘውም፤ ከመቦርቦር ነው የሚጠብቀው። የፍሎራይዱ መጠን 1450 ፒፒኤም (ppm፣ ከሚሊዮን እጅ ማለት ነው) ገደማ የሆነ ለአዋቂ ጥሩ ነው።

ብሩሹ ለስላሳ ይሁን። ሳሙናው የአተር ፍሬ ቢያክል ይበቃል። ስትጨርሺ ትፊው እንጂ በውኃ አትጉመጥመጪ፤ መድኃኒቱ ታጥቦ ይሄዳል። ሎሚ ወይም ለስላሳ ከጠጣሽ ግማሽ ሰዓት ቆይተሽ ተፋቂ። በሦስት ቀን ለውጥ የለውም ብለሽ እንዳትቀይሪው። ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም አራት ይፈጃል። እኔ በሦስተኛው ሳምንት ከፍሪጅ የወጣ ውኃ ጠጣሁ። ደስታዬን ልነግርሽ አልችልም።

የሠርጉ ነገር የሐኪም ሥራ ነው። ብልዙ ላይ ላዩን ከሆነ በጥንቃቄ ያነሱታል፤ ጠለቅ ያለ ከሆነ የጥርስ ቀለም ባለው መሸፈኛ ይሸፍኑታል። እኔ የፊቶቹን አራቱን አስሸፍኜ አሁን ፎቶ ላይ አፌን በእጄ አልሸፍንም። ግን መጀመሪያ መንዘሩን አስታግሺ፤ ማንጫው መድኃኒት ራሱ የሚነዝር ጥርስን ያባብሳል። ስለዚህ ሳሙናውን ዛሬ ጀምሪ፣ ቀጠሮውንም አሁን ያዢ።

ክሊኒክ ስትገቢ ደግሞ ገና ሳትቀመጪ ያደግሽበትን አገር ንገሪያቸው። እሱን ትቶ ስለ ጫት የሚጠይቅሽ ከሆነ ካርድሽን ተቀብለሽ ውጪ።