ከ«ጤዛ» ፊልም በኋላ ተማሪዎችን የት እንውሰድ?

መምህርት፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎችዎ የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ካዩ በኋላ «ፊልሙ የሚያሳየውን የደርግ ዘመን አዲስ አበባ ሄደን እንየው» ብለው እንደጠየቁዎት ጽፈዋል። የት ቢወስዷቸው እንደሚሻልና ድካሙ ዋጋ ይኖረው እንደሆነም ጠይቀዋል። እኔ ሁለት ጊዜ ወስጃለሁ። የመጀመሪያው አልሆነልኝም፤ ሁለተኛውን ግን በማስተማር ዘመኔ አልረሳውም። ይውሰዷቸው።

የመጀመሪያው የተበላሸው በስስቴ ነው። አንዴ አውቶቡስ ከተገኘ ብዬ ስድስት ኪሎን፣ ብሔራዊ ሙዚየምንና መስቀል አደባባይን በአንድ ቀን አጨናነቅሁባቸው። በማግስቱ ባስጻፍኳቸው ወረቀት ላይ የየካቲት 12ን ሰማዕታት ከቀይ ሽብር ሰማዕታት ጋር ያቀላቀሉ ብዙዎች ነበሩ። አንደኛው በ1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ያስፈጀው ሕዝብ ነው፤ ሌላው ከ40 ዓመት በኋላ፣ ደርግ ተቃዋሚዎቼ ያላቸውን ሲያስገድል፣ በገዛ ወገናችን እጅ የሆነ ነው። ለአንድ የታሪክ መምህር ይህን ልዩነት አደብዝዞ ከመመለስ የከፋ ነገር የለም። ስለዚህ አንድ ቦታ ብቻ ይምረጡ። የፊልሙ ካሜራ የቆመበትን ሥፍራ መፈለግም አያስፈልግም፤ ነገሩ ራሱ የተፈጸመበት ቦታ ከመሀል ከተማው አልራቀም።

ለእኔ ያ ቦታ መስቀል አደባባይ ነው። ሙዚየሙ ከመከፈቱ በፊት አንድ ሰዓት ያህል ቀድመን ደረስንና ተማሪዎቹን ደረጃዎቹ ላይ አስቀመጥኳቸው። ሁሉም ቦታውን ያውቁታል፤ ደመራ የሚለኮስበት፣ ታላቁ ሩጫ የሚጀመርበት ነው። ያኔ «አብዮት አደባባይ» ይባል እንደነበር፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም እዚሁ ሕዝብ ፊት ቆሞ በቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን እየሰበረ ደርግን በሚቃወመው ፓርቲ በኢሕአፓ ላይ ዘመቻ እንዳወጀ ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ ምንም አልተናገርኩም። ባቡሩ ከበላያችን አለፈ። አንዲት ተማሪ ብቻ «እዚህ? እዚሁ?» ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀች። ክፍል ውስጥ ስድስት ክፍለ ጊዜ ባስተምር ያቺን ጥያቄ አላገኛትም ነበር።

ከዚያ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ገባን። በ2002 ዓ.ም. የተከፈተ ነው፤ ከአደባባዩ ዳር ስለሆነ በእግር ይደረሳል። ደጁ ላይ የሦስት ሴቶች ሐውልት አለ። አብሮት የተጻፈው የአንዲት እናት ቃል ነው፤ በአንድ ሌሊት እንደወለደቻቸው ሁሉ ልጆቿን በአንድ ሌሊት እንደፈጁባት ይናገራል። እባክዎ እዚያ ላይ አይቸኩሉ። ውስጥ ግድግዳውን የሞሉት ፎቶግራፎች የአብዛኞቹ የወጣቶች ናቸው፤ ተማሪዎቹ «ይሄ እኮ የእኛ እኩያ ነው» እያሉ ነበር የሚያልፉት። ያስጎበኙን ሰው ራሳቸው የታሰሩ ነበሩና የእኔ ማብራሪያ አላስፈለገም። ቤተሰቦች ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ ይጠየቁ እንደነበር፣ ማልቀስ እንኳ ይከለከሉ እንደነበር ሲናገሩ ከኋላ የነበሩት ልጆች ሁሉ ወደፊት ተጠጉ። ከጅምላ መቃብር የወጣ አጽም ያለበት ክፍል ግን ለሁሉም አይሆንም። አስቀድመው ይንገሯቸው፤ መግባት ያልፈለገ ውጪ ይጠብቅ፤ አብሮት የሚቆም መምህርም ይመድቡ።

አሁን ከሁሉ በላይ ልነግርዎ የፈለግኩት ይመጣል። ከሁለተኛው ጉዞ በፊት ክፍል ውስጥ «በቀይ ሽብር ቤተሰቡ የተጎዳበት ማን አለ?» ብዬ ጠይቄ ነበር። ብዙ እጆች ተነሡ፣ ታሪክም ተነገረ፣ እኔም ደስ አለኝ። ከሦስት ቀን በኋላ አንድ ዝምተኛ ልጅ ብቻዬን ሲያገኘኝ «የእኔ አያት አብዮት ጥበቃ ነበሩ፤ እኔም ልምጣ?» አለኝ፤ በቀበሌ የደርግ ታጣቂ ነበሩ ማለቱ ነው። ያን ጥያቄ በጓደኞቹ ፊት በማንሣቴ ሦስት ቀን ሙሉ ምን እንዳሳለፈ ሳስበው እስከዛሬ ያመኛል። የዚህ ከተማ ልጆች የሞተውም የገደለውም የልጅ ልጆች ናቸው፤ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይማራሉ። ፊልሙ ራሱ ይህን ያውቃል፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ አንበርብር አንድ እግሩን አጥቶ ወደ እናቱ መንደር ሲመለስ ጥፋተኛው ከሩቅ የመጣ ባዕድ ብቻ አይደለም። ስለዚህ የቤተሰብ ታሪክ በአደባባይ አያስጠይቁ። እኔ ከዚያ በኋላ ጥያቄውን ወደ ቤት ላክሁት፤ የፈለገ ተማሪ ከአንድ ትልቅ ሰው ጋር ያን ዘመን አውርቶ ለራሱ ብቻ ይጻፍ፣ ለእኔ አያስረክብ አልኩ። ልጁም መጣ። ሙዚየሙ ውስጥ ከአስጎብኚው አጠገብ አልተለየም።

ስለ ፊልሙ ርዝመት ደግሞ፦ 140 ደቂቃ ነው፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ አያልቅም። ተማሪዎችዎ ስላዩት ከጉዞው በፊት የአዲስ አበባውን ክፍል ብቻ ደግመው ቢያሳዩአቸው ይበቃል። ለወላጆች በሚልኩት የፈቃድ ደብዳቤ ላይ አጽም እንዳለ በግልጽ ይጻፉ። አውቶቡሱም ሙዚየሙ ባለበት በኩል ቢያወርዳችሁ ያን ሰፊ መንገድ ከመሻገር ትድናላችሁ።