የቲቢ መድኃኒት ከመደገሙ በፊት

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ ጤና ጣቢያ የምሠራ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። ለሙያ ፈቃድ እድሳት ከሚያስፈልጉኝ የተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠናዎች አንዱን በሳንባ ካንሰር ሕክምና ላይ ለመውሰድ አስቤ ነበር፤ ሆኖም ትምህርቱ በአብዛኛው እኔ ዘንድ ስለማይገኙ መድኃኒቶችና ምርመራዎች ነው። ጊዜዬን ባጠፋበት ይጠቅመኛል?

መልስ፦ ይጠቅምዎታል፤ ይመዝገቡ። መድኃኒቱን የሚያዝዘው የካንሰር ስፔሻሊስት ቢሆንም፣ ሕመምተኛው ወደ እርሱ የሚደርስበትን ጊዜ የሚወስነው በአብዛኛው በመጀመሪያ ያየው ሐኪም ነው። ቲቢ በተስፋፋበት አገር ሳል፣ ክብደት መቀነስ፣ ደም የቀላቀለ አክታና በኤክስሬይ ላይ የሚታይ ጥላ ሐሳባችንን አስቀድመው ወደ ቲቢ ይወስዱታል። በአክታ ምርመራ ባክቴሪያው ሳይገኝ በክሊኒካዊ ግምት ብቻ መድኃኒት የተጀመረለት ሰው በሕክምናው ካልተሻለው፣ ሌላ ዙር ከመጀመሩ በፊት ሲቲ ስካን እንዲነሣና ናሙና እንዲወሰድለት መላክ አለበት። የድምፅ መጎርነን፣ የጣቶች ጫፍ ማበጥ፣ የፊትና የአንገት እብጠት ወይም የማይለቅ የትከሻ ሕመም ከታየ ደግሞ የመድኃኒቱ ጊዜ እስኪያልቅ መጠበቅ አይገባም።

«አያጨስም» የሚለው መልስም አያዘናጋዎ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ትንባሆ የሚጠቀሙት አዋቂ ኢትዮጵያውያን 5 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ግን የናፍጣ ጭስን እ.ኤ.አ. በ2012፣ የተበከለ የውጭ አየርን እ.ኤ.አ. በ2013 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቧል። ስለዚህ በማገዶ ጭስ ዘመኗን ያሳለፈች እናት ወይም ዕድሜውን በመንገድ ዳር ያሳለፈ ነጋዴ ሲያስል «ሲጋራ አይነካም» ብሎ ማለፍ ስህተት ነው።

ስለ አዳዲሶቹ መድኃኒቶች የሚሰጠውን ክፍልም አይዝለሉት። ከሳንባ ካንሰሮች 85 በመቶ ያህሉ «ትንሽ ሕዋስ ያልሆነ» የሚባለው ዓይነት ሲሆኑ፣ ከእነዚህ መካከል ኢጂኤፍአር በሚባለው ዘረመል ላይ ለውጥ ያለባቸው ኦሲመርቲኒብን በመሰሉ እንክብሎች ይታከማሉ። አንድ ሕመምተኛ ይህን መድኃኒት ከውጭ አስመጥቶ እየወሰደ ቲቢ ቢይዘው፣ እርስዎ የሚያዝዙት የቲቢ መድኃኒት ሪፋምፒሲን በደሙ ውስጥ ያለውን የኦሲመርቲኒብ መጠን ከሩብ በታች ሊያወርደው ይችላል። ይህ እርስዎ ጤና ጣቢያ ውስጥ ሊደርስ የሚችል ነገር ነው።

ስለ ሕመም ማስታገሻ የሚሰጠውን ትምህርት በተለይ ይከታተሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ የሆነ የአሜሪካ ጥናት፣ በሽታው ተሰራጭቶ የተገኘባቸው ሕመምተኞች ከመደበኛው ሕክምና ጎን ለጎን የማስታገሻ እንክብካቤ ከመጀመሪያው ሲያገኙ የኑሯቸው ሁኔታ መሻሻሉን፣ የመኖሪያ ጊዜያቸው አማካይ ልክም ከ8.9 ወደ 11.6 ወር ከፍ ማለቱን አሳይቷል። የአፍ ሞርፊን አሰጣጥና ከሞርፊኑ ጋር የሚታዘዘው የሆድ ድርቀት መድኃኒት ሥልጠናው ውስጥ ከሌለ አሠልጣኙን ይጠይቁ።

አንድ ነገር ልጨምር። በአማርኛ «የሳንባ ነቀርሳ» የምንለው ቲቢን ነው፤ «ነቀርሳ» ብቻውን ሲነገር ግን ብዙ ሰው ካንሰርን ይረዳል። ስለዚህ ለሕመምተኛው ሲያስረዱ «ቲቢ» ወይም «ካንሰር» ብለው ለይተው ይንገሩት፤ ከዚያም የተናገሩትን በራሱ ቃል መልሶ እንዲነግርዎ ይጠይቁት።